«በወላጆች ቀን ልጁን ከክፍል አስወጣሁት»

ጥያቄ

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ኬጂ ሁለት አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 38 ልጆች አሉ። የምታግዘኝ ሞግዚት አለች፤ እሷም ብትሆን ከጎን ካለው ክፍል ጋር የጋራ ናት።

ባለፈው ክረምት ሕፃናትን በጨዋታ ስለማስተማር አጭር ሥልጠና ወስጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዬ ማስተማር አቃተኝ። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍቼ በካርቶን ሱቅ ሠራሁ። በቆርኪና በባቄላ እናስቆጥራለን፣ ጭቃ እናቦካለን፣ ተረት እናወራለን። ጠዋት ጠዋት እያለቀሱ ይመጡ የነበሩ ልጆች ለቅሶውን ትተዋል። ወላጆች ግን አልወደዱልኝም። «የከፈልነው ልጃችን እንዲጫወት ነው? የጎረቤት ልጅ እስከ መቶ ይጽፋል፤ የእኛ ደብተር ባዶ ነው» ይሉኛል።

ከዚህ የባሰው ጭንቀቴ አቤል ነው (ስሙን ቀይሬዋለሁ)። አምስት ዓመቱ ነው። ከአንድ ሁለት ቃል በላይ አያወራም። ስጠራው ብዙ ጊዜ ዞር አይልም። ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሰልፍ ላይ መቆም አይወድም። ቆርኪ ካገኘ ግን በየቀለሙ እየለየ ሲደረድር ይውላል። ሁለት ጊዜ ልጆች ገፍትሯል፤ አንዷ ግንባሯ አብጦ ነበር። እናቱ ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ መናኸሪያ አካባቢ የጀበና ቡና ትሸጣለች። «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታው ይሉኛል» ትላለች።

ባለፈው ወር የወላጆች ቀን ነበር። ዳይሬክተሯ ጠዋት ጠርታ «ዛሬ ያ ልጅ እንዳያሳፍረን» አለችኝ። ወላጆች ገብተው የልጆቹን ሥራ ሲያዩ አቤልን ከሞግዚቷ ጋር ውጭ እንዲቆይ አደረግሁ። እናቱ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ትንሽ ዘግይታ መጣች። ልጇን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ምንም አላለችኝም። እጁን ይዛ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከበር አድርሳው ትመለሳለች፤ ዓይኔን አታየኝም።

አሁን ዳይሬክተሯ «ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሌላ ትምህርት ቤት እንድትፈልግለት ንገሪያት፤ አንቺም ወደ ደብተርሽ ተመለሺ» ብላኛለች። እኔ እንዲወጣ አልፈልግም። ግን ለእሱ ስል 37ቱን እየበደልኩ ይሆን? ወይስ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሳልማር እሱን ይዤ የምበድለው እሱን ነው? ሥራዬን እንዳላጣ ደግሞ ታናሽ ወንድሜን የማስተምረው እኔ ነኝ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት መምህርት፣ ከደሴ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጨዋታውና ስለ ደብተሩ እመጣበታለሁ፤ ዓይኔ ግን እየተመለሰ የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። የክት ልብሷን ለብሳ የመጣች እናት፣ የሌሎች ልጆች ሥራ በግድግዳ ተሰቅሎ፣ የእሷ ልጅ ደጅ።

እስኪ ቀስ ብለሽ አስቢው፤ በዚያች ሰዓት የፈራሽው ማንን ነበር? ዳይሬክተሯን? ወላጆቹን? ወይስ «ይህን ያህል የደከምኩበትን ክፍል በእሱ ምክንያት ይንቁብኛል» የሚል ነገር በልብሽ አልፏል? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ለራስሽ ግን ሳትሸፋፍኚ ንገሪው፤ ያ ፍርሃት በሚቀጥለው የወላጆች ቀንም በር ላይ ይጠብቅሻል። ነገሩን ለእኔ ሳትደብቂ መጻፍሽ ልብሽ ከልጁ እንዳልራቀ ያሳየኛል፤ የጨከነች መምህርት ይህን አትጽፍም።

ስለዚህ ከማስተማሪያ ዘዴው በፊት እናቱ ትቅደም። ቢሮ አታስጠሪያት። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ትምህርት ቤት ስትጠራ ስሞታ ለመስማት እንደሆነ ገና መንገድ ላይ ታውቀዋለች። አንቺ ሂጂላት። ከሥራ ስትወጪ መናኸሪያ ወርደሽ በርጩማዋ ላይ ተቀመጪ፤ ቡናሽን ጠጪ፤ ደንበኛ ቀለል ሲልላት «የዚያን ቀን አቤልን ውጭ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልክ አልነበርኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። በዳይሬክተሯ አታሳቢ፤ ካሳበብሽ ይቅርታው ጎዶሎ ይሆናል። ልትቆጣ ትችላለች፤ ልታለቅስ ወይም ሲኒዋን እያጠበች ዝም ልትልሽም ትችላለች። ዝም ካለችሽ በዚያ ቀን ሌላ ነገር አትጨምሪ። ሌላ ቀን ተመልሰሽ ሂጂ።

ልቧ ሲመለስ ጠይቂያት። ቤት ውስጥ ምን ያስቀዋል? ምን ያስፈራዋል? ሲርበው እንዴት ነው የሚነግራት? ሌሊት ይተኛል? አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ቃል ሲግባቡ የኖሩ ናቸው፤ እሷ የምታውቀውን የትም ሥልጠና ላይ አታገኚውም። ከዚያ በኋላ የሐኪሙን ነገር አንሺ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ ሆስፒታል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል። ደወል ስለሚረብሸው ብቻ መስማቱ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ከባድ ድምፅ እያስጨነቀው የንግግር ድምፅ ግን አጥርቶ የማይደርሰው ልጅ አለ። ቀጥሎ የሕፃናት ሐኪም እድገቱን ይየው።

«ኦቲዝም» የሚለው ቃል በሐሳብሽ እንደመጣ እገምታለሁ፤ በእኔም መጥቷል። ከአፍሽ ግን አይውጣ። አንቺ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፦ ስጠራው ዞር አይልም፣ ደወል ያስጨንቀዋል፣ ቆርኪ በቀለም ይለያል። ስሙን ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው። «አፉን ዘግይቶ ይፈታል» ያሏትን ጎረቤቶችም አትንቀፊባት፤ ብዙ ሌሊት ያሳለፈችው በዚያ ተስፋ ነው። «ይፈታ ይሆናል፤ እየጠበቅን ግን እናሳየው» ማለት ይበቃል። ውጤቱ ወደዚያ ካመራ ብቻዋን እንዳልሆነች ትወቅ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሉባቸው ቤት ዘግተው አልተቀመጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም፣ በዚያ ዘመን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገራቸው ልጃቸውን ከሰው ዓይን ሸሽገው ያሳድጉ ለነበሩ ብዙ ወላጆች በር ከፍቷል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ለእሱ ስል 37ቱን እየበደልኩ ይሆን?»

ደወሉን እንውሰድ። አቤል ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ሁሉም ያየዋል። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ደወል ሲደወል የሌሎቹን ፊት እይ። ከ37ቱ መካከል ትከሻውን የሚሰበስብ፣ የያዘውን የሚጥል ሳይኖር አይቀርም። በክፍልሽ ውስጥ በደወሉ ፋንታ በዜማ ጭብጨባ ብትጀምሪ፣ የግቢው ደወል ሊደወል ሲልም «ልጆች፣ አሁን ደወል ሊመጣ ነው» ብትዪ፣ የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይሆንም። የቀኑን ውሎ በሥዕል ማሳየትም እንዲሁ ነው። ሰልፍ፣ ተረት፣ ምሳ ዕቃ፣ መጸዳጃ፣ ጨዋታ፣ ወደ ቤት። እያንዳንዱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ሳዪና በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥዪው፤ አንዱ ሲያልቅ ካርቶኑን ገልብጪ። አቤል ቀጥሎ የሚመጣውን በዓይኑ ያየዋል። በየአሥር ደቂቃው «ሚስ፣ መቼ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?» የምትልሽ ልጅም ካርቶኑን ቆጥራ ራሷ ታውቀዋለች።

ቆርኪው ደግሞ ትልቁ በር ነው። ልጁ የሚወደውን ለብቻው ጥግ ይዞት ተቀምጧል፤ አንቺ ደግሞ መሐል ላይ የካርቶን ሱቅ አለሽ። ሁለቱን አገናኚያቸው። የሱቁ ገንዘብ ቆርኪ ይሁን፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። አቤል ባንክ ይሁን። ሊገዛ የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄዶ ሦስት ጣት አሳይቶ ወይም «ሦስት ቀይ» ብሎ ይቀበላል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ልጆች ብቻ ይሁኑ፤ ሲለምደው ይጨመሩ። ማውራት አያስፈልገውም፤ ሆኖም ቃሉ በቀን ሃያ ጊዜ በጆሮው ያልፋል፣ እጁም ከሌላ ልጅ እጅ ጋር ይገናኛል። ካልፈለገ ደግሞ አታስገድጂው፤ በሌላ ቀን ሞክሪ።

ጠረጴዛው ሥር መግባቱንም ከጥፋት አትቁጠሪበት። መሸሸጊያውን ራሱ መርጦ አሳይቶሻል። እዚያው ምንጣፍ አንጥፊለት፣ አሮጌ ነጠላ ጋርጂበት፤ ማንኛውም ልጅ ሲከፋው የሚገባበት «ጸጥታ ቤት» ይሁን። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ለቅጣት ማንንም እዚያ አታስገቢ።

የመገፍተሩ ነገር ቀላል አይደለም። ግንባሯ ያበጠው ልጅ ወላጆች ቢቆጡ እውነት አላቸው። ለሁለት ሳምንት ትንሽ ማስታወሻ ያዢ፦ ሰዓቱ፣ ከመግፋቱ በፊት የሆነው፣ ከገፋ በኋላ የሆነው። ሰልፍ ላይ ተጨናንቆ ይሆን? ቆርኪውን ነክተውበት ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሌለው ልጅ «ተወኝ» የሚለው በእጁ ነው። መንስኤውን ስታገኚ መከላከያው ይታይሻል፤ ለምሳሌ በሰልፉ መጨረሻ፣ የሞግዚቷን እጅ ይዞ እንዲቆም ማድረግ። መዳፉን ወደ ፊት ዘርግቶ «ተወኝ» የሚልበትን ምልክትም ለክፍሉ ሁሉ አስተምሪ። ለልጅቷ ወላጆች የሆነውንና ያደረግሽውን ንገሪያቸው፤ የአቤልን የሕክምና ነገር ግን ለማንም አታውሪ። ልጆቹ «ለምን አያወራም?» ሲሉሽ ደግሞ «አቤል ማውራት እየተማረ ነው፤ እስከዚያ በእጁ ይነግረናል» በዪ። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ በቂ መልስ ነው።

አብራው የምትቀመጥ ልጅ ስትመርጪም በየሳምንቱ ቀያይሪ። ሁልጊዜ ያችኑ ጨዋ ልጅ ካደረግሻት ትንሽ ሞግዚት አደረግሻት ማለት ነው። ልጅ ልጅን ማስተማሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ጀማሪውን «ሀ» ያስብል ነበር። በቃል የሚተላለፈው የዜማና የቅኔ ትምህርትም ዓይነ ስውራንን ሳይገፋ ይዞ መምህራን አድርጓቸዋል። ልምጩን አልናፍቅም፤ ጉባኤው ያልገፋቸውን ግን አከብራለሁ።

«ልዩ ትምህርት ሳልማር» ላልሽው ደግሞ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሀብታም ቤተሰቦች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት የሞንቴሶሪ የማስተማሪያ ዘዴ ከየት እንደተነሣ ታውቂ ይሆን? ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። መጀመሪያ የሠራችው ሮም ውስጥ «አይማሩም» ተብለው ከተተዉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ሕፃናት ጋር ነው። በእጅ እየዳሰሱ፣ እየደረደሩ፣ እየለዩ መማራቸውን አይታ፣ ያንኑ እ.ኤ.አ. በ1907 በሳን ሎሬንዞ ድሃ ሰፈር ለነበሩ ሌሎች ልጆች አመጣችው። ክፍልሽ ውስጥ ያለው የቆርኪና የባቄላ ቆጠራ የሩቅ ዘመዷ ነው፤ መነሻውም እንደ አቤል ያሉ ልጆች ናቸው። ይህን ስል ሥልጠና አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የልዩ ፍላጎት ወይም የአካቶ (ሁሉም ልጆች አብረው የሚማሩበት) ትምህርት ባለሙያ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ክፍልሽን መጥቶ እንዲያይልሽ ለምኚው።

ወደ ወላጆቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር አይደለሁም። ደብተር ለወላጅ ደረሰኝ ነው። ከወር ደመወዙ ቆርሶ የከፈለ አባት ማታ የልጁን ቦርሳ ከፍቶ ባዶ ደብተር ሲያይ መደንገጡ ተፈጥሯዊ ነው፤ አንቺ ያየሽውን አላየማ። ፊደል መፈለጉም ጥፋት የለውም። ስለዚህ የምታውቂውን አሳዪው። በየሳምንቱ ዓርብ የልጁን ሥዕል በአንድ ዓረፍተ ነገር አጅበሽ ላኪ፦ «ዛሬ በሱቃችን 7 ቆርኪ ይዛ ሄዳ፣ በ5 ገዝታ፣ 2 መልስ ተቀበለች።» ይህ መቀነስ ነው፤ አባትየው ይገባዋል። በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ጎበዝ» ብቻ ከመጻፍ ይህ ይሻላል።

ዳይሬክተሯ ከፈቀደች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ወላጆችን ጥሪና አጫውቻቸው። ቅልሞሽ ይጫወቱ። ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ ከመሬት ሁለት፣ ሦስት መልቀም ጣት ያጠነክራል፣ ዓይንና እጅ ያስተባብራል፣ ያስቆጥራል። እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር እየዘለሉ ቁጥርንና ቀናትን በቅደም ተከተል መያዝ ነው። እነሱም ልጅ ሆነው የተማሩት እንዲህ እንደነበር ትዝ ይላቸዋል። በዚያ ላይ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ የጽሕፈት ጊዜ ጨምሪ፤ መጀመሪያ በአሸዋና በጭቃ፣ ቀጥሎ በጠመኔ፣ ከዚያ በእርሳስ። ጨዋታውን ለማትረፍ ይህን ያህል ብትሰጪ ብዙ አልሰጠሽም።

ዳይሬክተሯን ብቻዋን፣ ባልተቻኮለችበት ሰዓት አነጋግሪያት። ፍርሃቷ ምን ይመስልሻል? ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ሲወዳደሩ ተማሪ እንዳያልቅባት? መጀመሪያ እሱን አዳምጪላት። ከዚያ ጠባብ ጥያቄ አቅርቢ፦ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ፣ ጠዋት የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት ሞግዚቷ ሙሉ በሙሉ ከአንቺ ጋር እንድትሆን፣ የሐኪም ውጤት ሳይመጣ ስለ መውጣት እንዳይነሣ። በየወሩ አንድ ገጽ ሪፖርት እንደምትሰጫትም ቃል ግቢ። 38 ልጅ ለአንድ መምህርት እንደሚበዛም ሳትፈሪ ተናገሪ፤ ይህ አቤል ባይኖርም እውነት ነው።

ወረቀት ያስፈልግሽ እንደሆነ አለ። በኋላ በአዲስ የተተካው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ መዋዕለ ሕፃናት ለልጁ ሁለንተናዊ እድገት እንዲተጋ ይል ነበር። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ጨዋታን የልጅ መብት ያደርገዋል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 24 ላይ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። እነዚህን ግን ዳይሬክተሯን ለማሸነፍ አትምዘዣቸው። ወላጅ ሲጠይቃት የምትመልሰው ነገር እንዲኖራት ስጫት።

እምቢ ካለችስ? ታናሽ ወንድምሽን የሚያስተምረው ያንቺ ደመወዝ ነውና ተናደሽ ሥራ እንድትለቂ አልመክርሽም። ቢያንስ ግን «ውጪ» የሚለውን ለእናቱ የምትነግሪያት አንቺ አትሁኚ፤ ውሳኔው የዳይሬክተሯ ከሆነ ዳይሬክተሯ በአፏ ትንገራት። አንቺ ከእናቱ ጎን ሁኚ። አቅራቢያዋ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክፍል ያለው፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ያለው የትኛው እንደሆነ አብረሻት ጠይቂ። የአቤልንም ነገር በአንድ ገጽ ጻፊላት፦ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ሲከፋው ምን እንደሚያረጋጋው። አዲሷ መምህርት ከባዶ አትጀምርም። ይህን ካደረግሽ በኋላ በዚያ ግቢ መቆየት ይከብድሽ እንደሆነ፣ ሌላ ሥራ ቀስ ብለሽ ፈልጊና ስታገኚ ውጪ።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪ፤ ትደክሚያለሽ። በዚህ ሳምንት መናኸሪያ ሂጂ። ሰኞ የሥዕል ካርቶኖቹን ስቀዪ። ባንኩን በሦስተኛው ሳምንት ክፈቺ። ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስቀው እናቱ የነገረችሽን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።